ከጫንጮ ማዶ ያሉ ዛጎሎች

የሱሉልታ ልጅ ሆኜ ቀይ ቀለም ይዤ ገበሬ ማሳ ዳር መሄዴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ረብሻ ጊዜ እኛ ሰፈር ድንጋይ ላይ ቀይ ምልክት ከታየ ትርጉሙን ሕፃን ያውቀዋል፤ ቀያሽ መጥቷል፣ መሬቱ ሊሄድ ነው። እኔ ግን የጂኦሎጂ ተማሪ ነበርኩና ሐሳቤ ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ነበር።

ከጫንጮ አልፎ ወደ ሙገር ገደል በሚወርደው ጠርዝ ላይ የኖራ ድንጋይ አለ። ሰው ሳይፈጠር ባሕር ነበር፤ ደለሉ ተደራርቦ ሲጠጥር ዛጎልና ቀንድ አውጣውን እንደያዘ ቀረ። በየንብርብሩ ላይ ቀይ ቁጥር ጻፍኩ፤ የእያንዳንዱንም ቦታ ከካርታ አንብቤ በቁጥር ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ። በማግስቱ ስመለስ ቀለሙ በሙሉ ተፍቋል። የማሳው ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

«ኤኙቱ ሲ ኤርጌ? ማነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም ኦቦ፤ ተማሪ ነኝ፣ ይመኑኝ።»

አንደኛው ጎረቤት ጫማዬን አየና «የቀያሽ ጫማ ነው» አለ። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር።

ቦርሳዬን ዘረገፉት፤ ደብተሬና የለቀምኳቸው ዛጎሎች መሬት ላይ ወደቁ። ሽማግሌው አንዱን ዛጎል አንስተው በአውራ ጣታቸው አፈሩን ጠረጉለት።

«ይሄ ድንጋይ ለምን ይጠቅማል?»

ሲሚንቶ እንደሚሠራበት አውቃለሁ። ፋብሪካ የገባበት መንደር ምን እንደሚሆንም አውቃለሁ።

«ለምንም» አልኳቸው።

«ለምንም ካልሆነ ለምን ትሸከመዋለህ?»

ፊቴ በሐፍረት ጋለ። የሲሚንቶውን ነገር፣ ቦታውን ደብተሬ ላይ መጻፌንም ጭምር፣ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ይመቱኛል ብዬ ነበር። ሽማግሌው ግን ዛጎሎቹን አንድ በአንድ ወደ ቦርሳዬ መለሷቸው።

«ድንጋዩን ውሰድ። ቦታው የተጻፈበትን ወረቀት ግን እዚሁ ተውልኝ። ልጆቼ የሚበሉት ከዚህ ማሳ ነው።»

ገጹን ቀድጄ ሰጠኋቸው። አጣጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱትና በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝ። ጫማዬን የጠረጠረው ጎረቤት ቦርሳዬን ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። እንዲህ ቶሎ ማመናቸው ደስ አላለኝም፤ ከእነሱ ይልቅ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ።

ያለ ቦታው ጽሑፉ አያስመርቀኝም። ሚኒባሱ ገና ሱሉልታ ሳይደርስ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እንዳልረሳው ብዬ በቃሌ የያዝኩትን የቦታዎቹን ቁጥር በሙሉ አዲስ ገጽ ላይ ጻፍኩት።