ሃምሳ ሁለት አንድ ዓይነት ካርታ

የሰው ሐሳብ አውቃለሁ እያለ ሠላሳ ዓመት ኑሮውን የገፋ ሰው፣ አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ቆሞ የራሱን ሐሳብ አጣው። ሰፈርተኛው ገምቱ ይለዋል፤ መድረክ ላይ ወጥቶ «እስቲ ገምቱ!» ማለት ስለሚያበዛ የወጣለት ስም ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱ በቀር የሚያስታውስ የለም፤ እሷም ሰሞኑን እንጃላት።

ሱቁ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፊኛ፣ የልደት ኮፍያ፣ የውሸት ጢም ይሸጣል፤ ከባንኮኒው ጀርባ ደግሞ እንደ ገምቱ ላሉት ተብሎ የተሠራ ካርታ አለ።  ባለሱቋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሦስት እሽግ ካርታ ደረደረችለት።

«ይሄኛው ጀርባው ላይ ምልክት አለው፤ ሳይገለበጥ ያነቡታል። ዓይን ይፈልጋል እንጂ።»

«ዓይኔን ተይው። መልሱን የምትናገረው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ዓይኗን በጨርቅ ታስራ ነው የምትቀመጠው።»

«እሷ ማን ናት?»

«ባለቤቴ።»

«እንግዲያው የሚሻልዎት ይሄ ነው፣ ጋሼ። ተመልካቹ የፈለገውን ካርታ ይጥራ፤ ከእሽጉ መሃል ያ የጠራው ብቻ ተገልብጦ ይገኛል። ትንሽ ስሌት አለው እንጂ ሌላ ሰው አያስፈልግዎትም። ብቻዎን ይወጡታል።»

ብቻዎን ያለችው ነገር ከነከነው። ካርታውን ቀስ አድርጎ ባንኮኒው ላይ መለሰው።

ሥራቸው የሁለት ሰው ሥራ ነዋ! እሱ ካርታውን አይቶ ይጠይቃል፣ እሷ ዓይኗ ታስሮ ትመልሳለች። ምስጢሩ ያለው ጥያቄው ውስጥ ነው። «በይ» ብሎ ከጀመረ የካርታው ምልክት ልብ ነው፤ «እስቲ» ካለ ዳይመንድ። ቶሎ፣ አሁን፣ እንግዲህ የሚሉት ደግሞ ቁጥሩን ይነግሯታል። ቤታቸው ውስጥ ሳይቀር ስንት ተሳስቀውበታል። «በይ ቶሎ ጨው አቀብዪኝ» ሲላት፣ «ሰባት ልብ!» ብላ ጨዉን ትሰጠው ነበር። ባለፈው ወር ግን ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት «በይ ቶሎ ንገሪያቸው» ቢላት፣ «ምኑን?» አለችው። ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። የእሱ ወሽመጥ ተቆረጠ።

ልጃቸው ይሄን ሰምታ «አባዬ፣ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ሰው ፊት ብትሳሳት፣ እማዬ ሁለተኛ መድረክ አትወጣም። እኔ ራሴ ነኝ የማስቀራት» ብላዋለች። እውነቷን ነው፤ ማን ይፈርድባታል? ግን ልጅቷ የማታየው ነገር አለ። ሚስቱ ሥራ በሌለ ቀን መስኮት ሥር ተቀምጣ «ዛሬ ምንድን ነው?» ስትል ትውላለች። መድረክ ባለ ቀን ግን ሰማያዊ ቀሚሷን ራሷ ተኩሳ፣ ጸጉሯን ራሷ አበጥራ፣ «ተነሥ እንጂ አንተ ሰው፣ ሊረፍድብን ነው!» ብላ የምትጮኸው እሷ ናት። ገምቱ ያቺን ጯሂ ሴት ማጣት አልፈለገም። ቅዳሜ ከተሳሳተች ያጣታል፣ አለቀ።

«ሦስተኛውስ?» አለ።

ባለሱቋ ከንፈሯን ጣለች። «ይሄ የጀማሪ ነው። ሃምሳ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁሉም ሁለት ልብ። የትኛውንም ቢስቡ ሁለት ልብ ይወጣል። አንድ ሰው እሽጉን ገልብጦ ካየው ግን ጉድዎ ፈላ! እርስዎን ያህል የሠራ ሰው ይሄን ሲይዝ ያሳፍራል።»

ያሳፍራል እንጂ። ገምቱ ራሱ በጉብዝናው ዘመን፣ እንዲህ ያለ ካርታ የያዘ ባልደረባ ሲያይ አፉን ሞልቶ ነበር የሚያላግጠው። አሁን ግን ድክም ብሎታል። ኩራትም ለካ የሚሸከመው ጉልበት ይፈልጋል። «ጠቅልዪልኝ» አላት።

ቅዳሜ ከሰዓት የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ዓመታዊ ግብዣ ላይ ተጠርተው ነበር። ጨርቁን ዓይኗ ላይ ሲያስር ጆሮዋ ሥር ተጠግቶ፣ «ዛሬ ጥያቄውን እርሺው። ምንም ብጠይቅሽ ሁለት ልብ በይ» አላት።

«ሁለት ልብ።»

«እስቲ ድገሚው።»

«ሕፃን አደረግከኝ እንዴ? ሁለት ልብ!»

ካርታውን የሳበው የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነው፤ በር የሚሞላ ትከሻ ያለው ሰውዬ። ሳያየው ደረቱ ላይ ለጠፈው። «ይህን ካርታ እሱም አላየው፣ እኔም አላየሁት» አለ ገምቱ ለተሰብሳቢው። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ «በይ ንገሪን።»



አንድ ሰው ሳለ። ገምቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ አፏ አስጠጋላት፣ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። ምንም የለም። ከኋላ ሹክሹክታ ተጀመረ። የፈራው ደረሰ።

እሷ በታሰረ ዓይኗ ወደ እሱ ዞረች። ቤት ውስጥ ለእሱ ብቻ በምትናገርበት ድምፅ፣ «እኔ እንጃ» አለች። «ልናገር፣ አልናገር… ሁለት ልብ ሆንኩ።»

ድምፅ ማጉያው ቃሏን ለአዳራሹ ሁሉ አደለው። ሾፌሩ ካርታውን ገለበጠና «ወይ ጉድ! ሁለት ልብ!» ብሎ ራሱን ያዘ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አስተባባሪዋ እየሮጠች መጥታ «እንዴት ያለ አነጋገር ነው የተናገሩት፣ እማማ! ለሌላውም ጊዜ እናንተው ናችሁ» አለች። ገምቱ ሳቀላት። አውቃ ቀልዳ ይሁን ጠፍቷት፣ የሰው ሐሳብ አዋቂው ሊለይ አልቻለም።

አውቶብስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሁለት ፌርማታ እንዳለፉ፣ «ለምንድን ነው ያጨበጨቡት?» አለችው።

ያኔ ለየለት። ጠፍቷት ነው የተናገረችው። «ልክ ስለሆንሽ ነዋ» አላት።

መሐረብ ፍለጋ እጇን ኮቱ ኪስ ከተተችና ካርታውን አወጣች። ጣቷ ሠላሳ ዓመት የለመደውን አልረሳም፤ በአንድ እጇ እንደ ማራገቢያ ዘረጋችው። ከዳር እስከ ዳር አየችው። ገምቱ ወደ መስኮቱ ዞረ። ማታለል ሥራው ሆኖ ሳለ፣ አንዲት ውሸት አልመጣለት አለች።

«ሁሉም አንድ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ለእኔ ብለህ ነው?»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ። ብትቆጣ በወደደ ነበር። እሷ ግን ካርታውን ሰብስባ፣ ጠርዙን ጉልበቷ ላይ አስተካክላ፣ ኪሱ ውስጥ መለሰችለት።

«አንዷን ብቻ ነው በቃሌ መያዝ ያለብኝ?»

«አንዷን ብቻ።»

«እንግዲያው በየጠዋቱ ንገረኝ» አለችው።