በስሜ የሰጠሁት የሙላት አክታ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም። መጀመሪያ ለእናንተ ለማታውቁኝ ልናገር፤ የማታውቁኝ ማለቴ ከጋይንት ውጭ ያላችሁትን ነው።

እኔ የአስኳላ ደጅ ሳልረግጥ በራሴ ፊደል የለየሁ፣ የመድኃኒት ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር የማነብ፣ የጽዋ ማኅበራችን መሪ፣ ሙሴ ሆኜ ጽዋ የማዞር ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ያስላል? ሳልሁ። ወር ሙሉ ሳልሁ። የጤና ጣቢያችን ነርስ ሲስተር የሺ ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ ሰጠችኝና፣ «አባባ፣ ጠዋት ሲነሡ አክታዎን በዚህ ያምጡልኝ። አዲሱ ማሽን ቲቢ ካለብዎት፣ መድኃኒት የተላመደም ከሆነ፣ ገበያ ደርሰው ሳይመለሱ ይነግረናል፤ ክፍያም የለውም» አለችኝ።

የፈራሁት ቲቢውን አልነበረም፤ ከሙሴነት መውረዱን ነው። ሳንባው ከታመመ ሙሴ ጋር ማን ጽዋ ይጠጣል? ስለዚህ ጎረቤቴን ሙላትን መረጥሁ። ሙላት ሞፈር ተሸክሞ ዳገት የሚሮጥ፣ ሲያስል እንኳ «የእብቅ አቧራ ነው» ብሎ የሚስቅ ብርቱ ነው። ምርምር ይዣለሁና አክታህን ስጠኝ አልሁት።

«አንተ ሰውዬ፣ መጽሐፉ አልቆብህ አክታ ልታነብ ነው?» አለና እየሳቀ ሰጠኝ።

ያንን በስሜ አስረከብሁ። እኔ ነኝ።

ውጤቱ በዚያው ቀን ደረሰ፦ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ። ያን ጊዜ መናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር። ማሽናችሁ ተሳስቷል ብዬ ወጣሁ፤ ሦስት ቀንም ዝም አልሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሙላት ትንሿን ልጁን ታቅፎ ሲያስል ከአጥር ማዶ ሰማሁ።

በአራተኛው ቀን ጆሮዬን ጀርባው ላይ ለጠፍሁና፣ «ሳንባህ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል፤ ተነሥ!» አልሁት። ሁለታችንም የየራሳችንን አክታ ሰጠን። የሱ ያው ሆነ። የእኔ ንጹሕ ወጣ፤ ሳሌ የምድጃ ጭስ ነው ተባለ።

ሙላት ወራት ሙሉ መድኃኒቱን ውጦ ዳነ። ልጆቹም ተመርምረው ነፃ ሆኑ። አገሩ ሁሉ «ጆሮው ማሽኑን ያስንቃል» አለ፤ እኔም አላስተባበልሁም። ከስማዳ ድረስ ደረታቸውን ሊያስደምጡኝ የመጡ አሉ።

ሲስተር የሺስ? «የሌላ በሽተኛ አክታ በእርስዎ ስም መዝግቤ ነው» ብላ አለቀሰች። ያንን በሽተኛ ፍለጋ በጭቃ ስንት ቤት አንኳኳች፤ እስከ ዛሬም አልተወችም! የሙላትንም ቤት አንኳኳች፤ እኔ እዚያው ተቀምጬ ጠላ እጠጣ ነበር። «አይዞሽ ልጄ፣ ሰው ይሳሳታል» አልኋት። እንዲህ ያልሁ እኔ ነኝ።

ሰበብ የለኝም። ነገ ሄጄ፣ ፍለጋሽን ተዪው፣ ያ በሽተኛ ሙላት ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው እላታለሁ። ከዚያ ለራሱ ለሙላት እነግረዋለሁ። ይቅርታውን ቶሎ እንዲሰጠኝ አልለምነውም፤ መጀመሪያ ይስደበኝ። ሙላት እኔን የሚበልጠኝ በስድብ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ሳንባው ድኗል፤ ወንዝ ማዶ ያሉትም ይሰሙታል።