በወንድም ልጅነት የተከራየኋት ክፍል

«ምኔ ልበልሽ?»

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ግርጌ ያለችውን ክፍል ለማየት ስሄድ ባለቤቷ እማማ መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህንን ነው። ስሜን እንኳ ገና አልጠየቁኝም። እኔም አልገረመኝም፤ እዚያ እስክደርስ ያየሁት አከራይ ሁሉ ጠይቆኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ቤት የሚያከራየው መንግሥት ብቻ ነበር። ሰው ትርፍ ክፍል ኖሮት ለባዳ አከራየ ከተባለ ጣጣው ብዙ ነው። ስለዚህ በከተማው ተከራይ የሚባል ፍጡር የለም፤ ሁሉም ዘመድ ነው። ቀበሌ ሲጠይቅ የአክስት ልጅ ነው፣ የሚስት ወንድም ነው፣ አበልጅ ነው። ቀበሌውም ያውቃል። የፈረንሳዩ ሊቀመንበር ራሱ ቤቱ ውስጥ «የሚስቴ እህት» የሚላት አስተማሪ ነበረችው። ሚስቱ ጎጃሜ ናት፤ እህት ተብዬዋ አፏን ስትከፍት ሐረር ትሸታለች።

እኔ ደግሞ ዘመድ አልፈልግም ነበር። ያደግሁት አንድ መንገድ ባላት ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ ዳቦ ልገዛ ብወጣ፣ ዳቦው ቤት ሳይደርስ ከማን ጋር ቆሜ እንዳወራሁ እናቴ ጆሮ ይደርሳል። ተመርቄ ምደባዬ አዲስ አበባ ሲሆን ደስ ያለኝ በሥራው አይደለም። ማንም የማን ልጅ ነሽ የማይለኝ ቦታ፣ ከውስጥ የምዘጋው የራሴ በር ስለሚኖረኝ ነበር። ይኸው ነው ምኞቴ፣ በር።

ያረፍኩት መገናኛ፣ አክስቴ ቤት ነው። ሳሎን ውስጥ ከልጆቿ ጋር ተደርድሬ እተኛለሁ፤ ትንሹ ሌሊቱን ሙሉ ይራገጣል። ከሥራ ስገባ ሒሳብ አስጠናለሁ። አክስቴ ለጎረቤት «ለልጆቼ አስተማሪ ከነዲግሪዋ መጣችልኝ» ስትል ሰማኋትና በዚያው ሳምንት ቤት ፍለጋ ጀመርኩ።

የት ሰፈር ይሻላል ብሎ ሰው መጠየቅ ትልቅ ስህተት ነው። ኮተቤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል አለችኝ አክስቴ። ሾላ ሌባው አያድርስ አሉ ጎረቤቷ። ፈረንሳይ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ማታ ጅቡ ደጅ ድረስ ይመጣል አሉኝ መሥሪያ ቤት። ሁሉም አንድ ጥሩ ሰፈር ብቻ ያውቃል፣ የራሱን።

ኮተቤ ያገኘሁት ሰውዬ «የአጎቴ ልጅ እልሻለሁ» ብሎ ሲስቅ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ክፍሉን ሳላይ ተመለስኩ። ሾላ አንድ የእስላም ነጋዴ ቤተሰብ ጥሩ ክፍል ነበረው፤ ሰዎቹንም ወደድኳቸው። ሴትየዋ ግን ግንባሬ ላይ ያለውን የመስቀል ንቅሳት አየችና በሳቅ ወደቀች። «እንግዲህ የኔ እህት፣ ይቺን ይዘሽ የሐጂ የእህት ልጅ ነኝ ብትዪ ማን ያምንሻል?» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ሻይ አጠጥተው ሸኙኝ። መንገድ ላይ ግን ልጅ ሳለሁ የነቀሰችኝን ሴትዮ ረገምኳት።

የፈረንሳይዋ ክፍል ጠባብ ናት። ግን በሯ ለብቻዋ ነው፤ መወርወሪያው ከውስጥ ነው፤ በመስኮቷ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል። ጠዋት ጠዋት እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው በሯ ሥር ያልፋሉ። እማማ ምኔ ልበልሽ ሲሉኝ በጣም ደክሞኝ ነበር።

«ወንድም አለኝ፣ አገር ቤት። አንድም ቀን እዚህ መጥቶ አያውቅም። የሱ ልጅ ብልሽስ?» አሉ።

«የፈለጉትን ይበሉኝ» አልኳቸው።

ለአባቴ ሰፈር አገኘሁ ብዬ በአውቶቡስ ሾፌር ላክሁበት። መጥቼ ሳላየው ሰፈር አልለውም አለ።

የወንድም ልጅነቱ ለቀበሌ ብቻ መስሎኝ ነበር። እማማ ግን በቃ አመኑበት። የት ነበርሽ፣ ማን ሸኘሽ፣ ይቺ ቀሚስ አላጠረችም ወይ? እሁድ ልተኛ ስል ማኅበር አለብን። ጎረቤቶች ደግሞ አፍንጫዬ ቁርጥ የእሳቸው ነው ይላሉ። አፍንጫዬ የእናቴ ነው!

አንድ ቀን ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ያቺ በሬ። ከፈትኩ፤ ግቢው ነጠላ ባዘቀዘቀ ሰው ተሞልቷል። መርዶ ሊያረዱ የመጡ ሰዎች ቆመው ካየሽ መጠየቅ አያስፈልግም። ሁለት ሴቶች ክንዴን ያዙ። አንድ ሽማግሌ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንግዲህ ጠንከር በይ ልጄ። አባትሽ አርፈዋል» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውሰውም። መሬት ላይ ነበርኩ። ጮኬያለሁ፤ ጉሮሮዬ ለብዙ ቀን ዘግቶ ነበር። ሰፈር አገኘሁ ብዬ የላክሁበት፣ መጥቼ አየዋለሁ ያለኝ አባቴ። ከዋናው ቤት የእማማ ለቅሶ ተሰማ። «ወንድሜን! ወንድሜን!» ይላሉ።

ለካ የሞቱት ያኛው አባቴ ናቸው።

ይህ ሲገባኝ የባሰ አለቀስኩ። ደስታ ነው፣ ንዴት ነው፣ አላውቅም፤ ብቻ ማቆም አቃተኝ። ሴቶቹ «አንጀቷ ነው የተቃጠለው» ተባባሉ። ጥቁር አለበሱኝ። እድሩ ድንኳን ተከለ፤ እኔም አይቼያቸው ለማላውቃቸው ሰውዬ ዋናዋ ሐዘንተኛ ሆኜ ከእማማ ጎን ተቀመጥኩ።

በሠልስቱ፣ ድንኳኑ ሞልቶ፣ ሊቀመንበሩም ከሚስቱና ከ«ሚስቱ እህት» ጋር ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ንፍሮ ሲቆረጥም፣ አባቴ ገባ።

ከመገናኛ በእግሩ ነው የመጣው፤ አክስቴ ምልክቱን ነግራዋለች። በር ላይ ማን ሞቶ ነው ቢል የዚህ ቤት ልጅ አባቷን አጥታ ነው አሉት። ጥቁር ለብሼ ሲያየኝ ዱላውን ይዞ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሊቀመንበሩ እኚህ አባት ማን ናቸው ብሎ ጠየቀ። እማማ ፈጣን ናቸው፤ ይመጣል ብዬ የነገርኳቸው አባቴ መሆኑን ወዲያው አወቁ።

«አጎቷ ናቸው፤ የሟች ወንድም፣ በእናታቸው በኩል» አሉ።

ድንኳኑ በሙሉ ተነሣ። አባቴን እያቀፉ እግዚአብሔር ያጥናዎ አሉት። አባቴ ጨዋ ሰው ነው፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ አይከራከርም። አሜን እያለ ተቀበለ፣ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ንፍሮውን በእፍኙ ያዘ። ቆይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ማነው የሞተብን?»

«አንተ» አልኩት።

ንፍሮውን አየው፣ ጥቁር ልብሴን አየው። «እና አለቀስሽ?» አለኝ።

«አለቀስኩ።»

እማማ በዚህ መሃል እንባቸው መጣ። መቼም ሐዘናቸው የውነት ነው፤ ወንድማቸው ሞቶባቸዋል። ክንዴን ጨብጠው ለሰዉ ሁሉ፣ «ከእንግዲህ አባቷም እናቷም እኔ ነኝ። አባት አልባ ሆና ቀረች ልጄ» አሉ። አባቴ አንገቱን ደፋ። ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ እዚያ ግን የሞተ ሰው ሆኖ ንፍሮ ይዞ ተቀምጧል።

ስለ በሬ አሰብኩ፣ ስለ መወርወሪያው፣ አክስቴ ቤት ስለሚራገጠው ልጅ። ቀና ስል «የሚስት እህት» የተባለችው አስተማሪ ዓይኔን አየችና ቶሎ ወደ መሬት አቀረቀረች። ሊቀመንበሩ መቆርጠሙን አቆመ።

«እማማ» አልኩ፣ በዘጋ ድምፄ፣ ድንኳኑ በሙሉ እንዲሰማ አድርጌ፣ «ምኔ ልበልሽ ብለውኝ ነበር። ተከራይ ይበሉኝ። አባቴ እኚህ ናቸው፤ ደህና ናቸው።»