ካሴቱ ላይ የቀረ ድምፅ

ይህ ነገር የገጠመኝ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ዲቪ ደርሶኝ ኦክላንድ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይችን ግን አልረሳኋትም፤ ዝም ማለት አለመቻሌ በሕይወቴ ለሰው የጠቀመው ያን ዕለት ብቻ ነውና።

ሰው ሲያወራኝ በዝምታ አልሰማም። «እህ» እላለሁ፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ እስባለሁ፣ ጉዳት ከተነሳ ደግሞ «እኔን!» እላለሁ። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። እኛ ሰፈር ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ወይ አኩርፏል ወይ እንቅልፍ ወስዶታል።

ሥራዬ አንዲት የታመሙ ሴት መንከባከብ ነበር። ያገናኘችኝ ሳን ሊያንድሮ የምትኖረው ጓደኛዬ ሰናይት ናት።

«ለልጃቸው ኮል አድርጊላት፤ ሊንዳ ትባላለች። ሳን ሆዜ ኮምፒውተር ካምፓኒ ነው የምትሠራው፣ እናቷን የሚያይላት ሰው ትፈልጋለች» አለችኝ። «አፓርትመንቱ ደግሞ ከባስ ስቶፑ አንድ ብሎክ ነው።»

ሴትየዋ ሚስስ ሬጊና ይባላሉ። ሌክ ሜሪት አጠገብ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸው ሰባ ቢጠጋ ነው፤ ልባቸው ግን ደክሟል፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄዱ እንኳ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሲፈልጉኝ የሚያቃጭሏት ትንሽ ቃጭል ነበረቻቸው። በስም መጥራቱ ከብዶኝ «ማማ» እላቸው ነበር፤ ደስ ይላቸዋል።

ፖላንድ የተወለዱ አይሁድ ናቸው። ሂትለር ሕዝባቸውን ሲያስፈጅ ከቤተሰቡ የተረፉት እሳቸው ብቻ መሆናቸውን የነገረችኝ ሊንዳ ናት። እሷም ከዚያ የበለጠ ብዙ አታውቅም። ማማ ስለዚያ ጊዜ አያወሩም ነበር።

አንድ ቀን እግራቸውን የአልጋው ብረት መታቸው። ሳላስበው «እኔን!» አልኩ።

«ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

ያችን በምታክል እንግሊዝኛዬ ለማስረዳት ታገልኩ። «ለእኔ ያድርገው፣ በእርስዎ ፋንታ እኔን ይምታኝ እንደማለት ነው።»

እግራቸውን ማሸት ትተው አዩኝ። «እናቴም በቋንቋችን እንዲህ ትለን ነበር» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ስለ እናታቸው ጥቂት ጥቂት ያጫውቱኝ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሾርባቸውን እየጠጡ ታናሽ እህት እንደነበረቻቸው ነገሩኝ። ስሟ ሪፍካ ነው፤ በእኛ ርብቃ መሆኑ ነው። «ሊንዳ አታውቅም» አሉና ወደ ሾርባቸው ተመለሱ። እኔም አልጠየቅኩም።

በዚያው ሰሞን ከዚያ ፍጅት የተረፉ ሰዎችን ቃል በቪዲዮ የሚቀርጽ፣ የቤተሰብ ወረቀታቸውንም የሚያስቀምጥ አንድ ድርጅት ነበር። ሊንዳ እናቷን ደጋግማ ለምናለች፤ እሳቸው እምቢ ይላሉ። በመጨረሻ ግን እሺ አሉ። ምክንያቱን ለሊንዳ አልነገሯትም፤ የነገሩት ለእኔ ነው።

«እናትና አባቴ ፎቶ አላቸው። ሪፍካ ፎቶ የላትም፣ ወረቀት የላትም፣ መቃብር የላትም። እኔ ስሞት እሷ ጭራሽ እንዳልተፈጠረች ትሆናለች።»

ከድርጅቱ በመጀመሪያ ሰው የመጣው ለወረቀቶቹ ነው፤ ጁዲ የምትባል፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ። ማማ የብስኩት ቆርቆሮ ከፈቱላት። የወላጆቻቸው የሠርግ ፎቶ፣ የአባታቸው የትምህርት ቤት ምስክር ወረቀት፣ እሳቸው በመርከብ ሲመጡ የተሰጣቸው ካርድ ነበረበት። ምስክር ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። እኛ ደግሞ ወረቀት ተከበረ የምንለው ላሚኔት ሲደረግ ነው። እኔ የስምንተኛ ክፍል ካርዴን ሳይቀር በፕላስቲክ አስለብሼ ነው አሜሪካ የገባሁት። «ማዶ ያለው ኮፒ ቤት ወስጄ ላሚኔት ላስደርገው» አልኩ።

ጁዲ ወረቀቱን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ከዚያ ራሷም ሳቀች፤ ሙቀቱና ፕላስቲኩ እንዲህ ያለውን አሮጌ ወረቀት እንደሚጎዳው፣ ለስላሳ አቃፊ ውስጥ ለየብቻ መተኛት እንዳለበት በትህትና አስረዳችኝ። ካርዴን አሰብኩት፤ እሱስ አንዴ ለብሷል።

የቀረጻው ዕለት ጁዲ ከአንድ ባለካሜራ ጋር መጣች። ባለካሜራው ስልኩን ነቀለ፣ ፍሪጁን አጠፋ፣ መስኮቱን ዘጋ። የቤተሰብ ሰው በቀረጻ ጊዜ አይገባም ስለተባለ ሊንዳ ሳን ሆዜ ሥራዋ ላይ ናት። እኔ ማማ ትንፋሽ ቢያጥራቸው ብዬ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። «ድምፅ ብቻ እንዳታሰሚ» አለኝ ባለካሜራው። እሺ አልኩ። ከልቤ ነበር።

ማማ ስለ ከተማቸው ጀመሩ። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጦርነቱ መጣ፤ የሂትለር ወታደሮች ከቤታቸው አስወጥተው በአጥር በታጠረ ሰፈር ከብዙ ቤተሰብ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አጎሯቸው። አባታቸውን መንገድ ላይ መትተው ገደሏቸው።

«እኔን!» አልኩ።

ባለካሜራው ማዳመጫውን ከጆሮው አነሳ። ይቅርታ ጠይቄ አፌን በእጄ ያዝኩ። እንደገና ጀመሩ። ስለ ረሃቡ ሲያወሩ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ፤ ያም ተሰማ። ለካ ማይክራፎን የሚሉት ነገር የማይሰማው የለም። ጁዲ ቀስ ብላ መጥታ ትከሻዬን ነካችኝና ኩሽና እንድጠብቅ ጠየቀችኝ። አልተቆጣችም። ፊቴ ግን እንደ ፍም ጋለ። ዝም አይነቅዝም የሚለውን የአባቴን ተረት እያሰብኩ ሄጄ የኩሽናው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ይሰማኛል። ማማ ማውራታቸውን አላቆሙም፤ ግን መልሳቸው አጠረ። አዎ። አይደለም። አላስታውስም። ኢሚግሬሽን ፊት እንደቀረበ ሰው ሆኑ። ጁዲ «በቤት ውስጥ ስንት ልጆች ነበራችሁ?» ስትላቸው «ስለተደበቅኩበት ገጠር ልንገርሽ» ብለው አለፉት።

ተነስቼ ቆምኩ። ይህን ሁሉ ጣጣ የተቀበሉት ለሪፍካ ሲሉ መሆኑን በዚያ ቤት የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ገብቼ «እህታቸውን ጠይቂያቸው» ልበል? የሰው ምስጢር ነው። ዝም ልበል? ካሴቱ ሊያልቅ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሁለተኛ እሺ አይሉም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለውም ተረት የአባቴ ነው፤ አባቴ ለሁሉም ተረት ነበረው።

ጁዲ «የሚጨምሩት ነገር አለ?» አለች።

በመልሱ ፋንታ ቃጭሏ ጮኸች።

ውሃ ይዤ ገባሁ። ማማ ውሃውን አልተቀበሉኝም። አጠገባቸው ያለውን ወንበር አሳዩኝ።

«ይህች ልጅ እዚህ ትቀመጥ።»

«ድምፁ ካሴቱ ላይ ይገባል» አለ ባለካሜራው።

«ይግባ። ቤቱ ዝም ሲል እኔም ዝም እላለሁ፤ የተማርኩት እንደዚያ ነው።»

ጁዲ ማማን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ለባለካሜራው ቀጥል ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችው። ለዚህች ሴት እስከ ዛሬ አክብሮት አለኝ።

ማማ ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ እኔ ዞረው ተናገሩ። የአባታቸው ደንበኛ የነበረ ገበሬ አንድ ልጅ ብቻ፣ አንዷን፣ ጎተራው ወለል ሥር ሊደብቅ ተስማማ። በጋሪው መጣ። እናታቸው ሁለቱንም ልጆች አቀረቡለት። ማማ አሥራ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሪፍካ ሰባት። ገበሬው ትንሿን ሊወስድ እጁን ዘረጋ። ሪፍካን ሳል ያዛት። ከክረምቱ ጀምሮ ያልለቀቃት ሳል ነበረባት። የምትስል ልጅ መደበቅ እንደማይቻል ሁሉም ገባቸው።

«እናቴ ሪፍካን ወደ ራሷ ሳበቻት» አሉ ማማ። «በሳለች ቁጥር እንደምትላት ለእኔ ያድርገው አለቻት። እኔን ጋሪው ላይ ጫኑኝ። ስሟ ሪፍካ ነው። ሰባት ዓመቷ ነበር። ሁለት ክረምት ወለሉ ሥር ድምፅ ሳላሰማ ተኛሁ፤ ስወጣ ማንም የለም።»

«እኔን!» አልኩ። እንባዬ ወረደ። በዚህ ጊዜ ያስቆመን የለም።

ማማ እጄን ይዘው ካሴቱ እስኪያልቅ ስለ ሪፍካ አወሩ። ፀጉሯን መጎንጎን ስለማትወድ፣ አባቷ በቁርጥራጭ ጨርቅ ስለሰፉላት ቀይ ኮፍያ። እኔም እንዳመሌ «እህ» እያልኩ ሰማሁ።

ማታ ለሰናይት በስልክ ስነግራት ጮኸችብኝ። «ዝም በይ ስትባይ ዝም አትይም እንዴ? ጃብሽን ብታጪስ!» ትንሽ ቆይታ ግን «ኮፍያዋ ቀይ ነው አልሽኝ?» አለችኝ፤ እሷም እያለቀሰች ነበር።

ሊንዳ ካሴቱን ያየች ዕለት ደወለችልኝ። «ለአንቺ ነግራሻለች፣ ለእኔ ግን አልነገረችኝም» አለች። ቅሬታዋ ገባኝ። «ልጅ ነሽ፤ ላንቺ መናገር ይከብዳቸዋል። እኔ ባዳ ነኝ» አልኳት። ያጽናናት አይመስለኝም።

በዓመቱ ማማ ሞቱ። ሰናይት በመኪናዋ ሳን ሆዜ ሊንዳ ቤት ለቅሶ አደረሰችኝ። አይሁዶችም ለቅሶ ሰባት ቀን ይቀመጣሉ። መስታወቱን በጨርቅ ሸፍነው አጫጭር ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ ውስጥ የሚነዱ ሁለት ሻማዎች አሉ። ሊንዳ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «ያኛው የእናቴ ነው» አለችኝ። ስለ ሁለተኛው ማስረዳት አላስፈለጋትም። ለዚያች ልጅ ለቅሶ ሲቀመጥላት ያ የመጀመሪያው ነው።

የካሴቱን ግልባጭ ሊንዳ ሰጥታኛለች። እዚህ የተወለደችው ልጄ ስልክ ሳወራ «ማም፣ ዋይ ዱ ዩ ሜክ ዛት ሳውንድ?»፣ ለምን እንዲህ ያለ ድምፅ ታሰሚያለሽ እያለች ትስቅብኝ ስለነበር አንድ ቀን አሳየኋት። እኔ አልታይም። የሚታዩት ማማ ናቸው። ሪፍካ ይላሉ፣ የእሷን ነገር ይጨርሳሉ፣ ከዚያ ከጎን የእኔ ድምፅ ይሰማል። ልጄ ከዚያ ወዲህ አልሳቀችብኝም።

ያን ቀን ከክፍሉ ስወጣ እንዴት እንዳፈርኩ አልረሳሁም። አሁን ግን አላፍርበትም። ያች ትንሽ ልጅ ከሞተች ከሃምሳ ዓመት በኋላ «እኔን» ያላት ሰው ተገኝቷል፤ ያ ሰው እኔ በመሆኔ ደስ ይለኛል።