ሽባባው ያልታመነበት ቀን

ከዘንገና ሐይቅ በላይ ባለው ደጋ ሽባባውን የማያውቅ አልነበረም፤ ደጁ እንዲመጣ የሚመኝም አልነበረም። ሰው ሲሞት ለሩቅ ዘመድ የሚሮጠው እሱ ነው። ክረምት ሲገባ በተራሮቹ አናት ላይ ያለው ረግረግ ፈረስ ይውጣል፤ ያን የሚሻገር እግረኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ሽባባው ከሁለት ጓደኞቹ፣ ከደርበውና ከክንዴ ጋር የአስታውን ቁጥቋጦ እየጣሱ፣ ሰው በሚያህለው የጅብራ ተክል መሃል እየተጠራሩ ይሮጣሉ። ጉም ወርዶ አንዱ ቢሰምጥ ሁለቱ እንዲያወጡት ነው ሦስት የሆኑት።

መርዶ ወግ አለው። እንደ ደረሱ “ሞተ” አይባልም። “ትንሽ አሞት ነው” ይባላል፤ ዘመዱ ከተጠራጠረም ይማልለታል። የመንደሩ ሽማግሌዎች ግን ነገሩ ይገባቸዋል። መልእክተኞቹን ያሳድራሉ፣ ዘመድ ይሰበስባሉ፣ ጎህ ሲቀድ ያረዳሉ። ይህን እንደ ሽባባው የሚችልበት የለም ይባል ነበር። ፊቱ አይለወጥም። የቀረበለትን ጠላ ይጠጣል፣ ስለ ገብሱ ይጠይቃል፣ በማርያም ስም ይምላል። ቤቱ ሲመለስ ግን እህል አይወርድለትም፤ ይህን የምታውቅ እናቱ ስሜነሽ ብቻ ናት።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ስሜነሽ ራሷ ተኛች። ሕመሙ ሲጠናባት ልጇን ጠራችው።

“አምሳለን አምጣልኝ።”

አምሳለ የሽባባው ታላቅ እህት ናት። እናቷ የዳረቻትን ባል ትታ፣ ከተራሮቹ ወዲያ፣ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ መውረጃ ላይ ሌላ ሰው አገባች። ያኔ ስሜነሽ በሰው ፊት ጡቷን አውጥታ “የጠባሽው ወተት ይፍረድብሽ” ብላ ረገመቻት። ከዚያ ወዲህ አምሳለ ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም ቀበረች። አሁን ሦስተኛውን አርግዛለች።

“እኔ እንደሆን ከርግማኑ ልቤ ከፈታት ቆይቷል” አለች ስሜነሽ። “ግን ከአፌ ትስማው። ሆዷን ዳስሼ እንትፍ እንትፍ ብዬ ልመርቃት። ሰው ቢነግራት አታምንም። እኔን ነው የወጣችው፣ ደረቅ ናት።”

“ትጠብቂናለሽ፣ እምዬ?”

“ትንፋሼ አለ። ሩጥ።”

ሦስቱ ሮጡ። ዳገቱ ላይ በረዶ ወረደባቸው። ደርበው እንደ ልማዱ አፉ አላረፈም።

“ዛሬ ገና ሳልዋሽ ሰው ቤት ልገባ ነው። ምላሴ እንዳይደነግጥ።”

“አንተ ጠላ ካገኘህ ምላስህ ምን ቸገረው” አለ ክንዴ፤ ይህን ብሎ ሳይጨርስ እስከ ወገቡ ሰመጠ። ዱላ ሰጥተው ጎተቱት። ጭቃውን እንኳ ሳይጠርግ ሩጫውን ቀጠለ። ሽባባው አይስቅም፣ ወደ ኋላም አያይም። ከአንዱ አናት ወርዶ ሌላውን ሲያያዘው የሚሰማው የእናቱ ትንፋሽ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቁልቁል ሲወርዱ ከመንደሩ ታዩ። መርዶ መምጣቱን ለማወቅ ሦስት ሰው ከተራራ ሲሮጥ ማየት በቂ ነው። የመንደሩ ሽማግሌ አያ ነጋ ጎልማሶች አስከትለው ከቀርቀሃው አጥር ጥግ ጠበቋቸው።

“እናቴ ታማለች፣ አያ። አምሳለን አሁኑኑ ልወስዳት ነው።”

“እግዜር ይማራት” አሉ ነጋ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው። “ግቡና እረፉ። ልጅቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ በዘዴ ነው። ጠዋት እናደርገዋለን።”

“አልሞተችም እኮ!”

“አውቃለሁ ልጄ። ድምፅህን ዝቅ አድርግ።”

“በማርያም እልዎታለሁ፣ በሕይወት አለች።”

ነጋ ክንዱን ያዝ አደረጉት። “አምና የወንድሜን መርዶ ያመጣኸው አንተ ነህ። ያኔም በማርያም ብለኸኛል። አልተቀየምኩህም፤ ወጉ ነው።”

“ዛሬስ እውነቱን ነው” አለ ደርበው።

“አይ አንተ፣ በሰው እናት እንኳ ትቀልዳለህ?” አለው አንዱ ጎልማሳ።

ሽባባው ጥሷቸው ሊያልፍ ሞከረ፤ ከበው ያዙት። ለመርዶ ሲሄድ ፈጽሞ የማያለቅስ ሰው እንባው ወረደ። እንባውን ሲያዩ ጭራሽ አረጋገጡ። አቅፈው ወደ ነጋ ቤት አስገቡት፣ በሩ ላይም ሰው አስቀመጡ። “የራሱ ሲሆን ጊዜ አልቻለም” ተባባሉ፤ አዘኑለት።

ጎህ ሲቀድ አምሳለን አረዷት። ሽባባው በሴቶቹ መሃል ገብቶ ጆሮዋ ላይ ጮኸ። “እታለም፣ አለች! ልትፈታሽ ነው የላከችኝ፣ ተነሺ!” አምሳለ ፊቱን እያየች ደረቷን ትመታለች። ሽባባው ክንዴን አስቀድሞ እንዲሮጥ፣ “እየመጣች ነው” ብሎ ለእናቱ እንዲነግር ላከው።

ለቀስተኛው ጉዞ ጀመረ። በየተራራው ጫፍ ይቆማል፣ ሙሾ ያወርዳል፣ እንደገና ይነሣል። ሽባባው ወደ ፊት ይሮጥና ተመልሶ ይለምናቸዋል። ማንም እግሩን አላፈጠነም።

“ተው ወንድምዬ” አለችው አምሳለ። “አትደልለኝ። አልቅሼ ልሂድበት።”

የመጨረሻው አናት ላይ ሲደርሱ ክንዴን አዩት፤ ወደ እነሱ እየመጣ ነው። እየሮጠ አልነበረም፤ ይራመዳል። ሽባባው ክንዴን በዚያ ተራራ ላይ ሲራመድ አይቶት አያውቅም።

“መቼ?” አለው።

“ፀሐይ ስትወጣ። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር አሉ።”

ስሜነሽ ተቀበረች። ሰው ሲበተን አምሳለ በእርጥቡ አፈር አጠገብ ቀረች።

“ፈታችኝ?” አለችው።

“ፈታችሽ። ልቤ ከፈታት ቆይቷል ነው ያለችው። ሆድሽን ልትዳስስ ነበር።”

“ማልልኝ።”

ሽባባው አፉን ከፈተ። የሚምልበት ስም ሁሉ በየደጁ የማለበት ነበር። ቢሆንም ማለ፤ በማርያም ማለ፣ እዚያው በተኛችው እናቱ ማለ። አምሳለ ፊቱን እያየች እስኪጨርስ ጠበቀችው። ፊቱ እንደ ሁልጊዜው አልተለወጠም።

“ለስንቱ እንዲህ ማልክለት፣ ወንድሜ” አለች። ክፋት በድምፅዋ አልነበረም።

ነጠላዋን በሆዷ ላይ አጥብቃ አስራ ዳገቱን ጀመረች። ሽባባው ሊከተላት ሲነሣ ደርበው ክንዱን ያዘው።

“ተዋት” አለው። “ከኋላዋ ስትሮጥ ሰው ያይሃል፤ ሌላ መርዶ ይመስለዋል።”