ደረጃ ሠላሳ አንድ

«እንደ አንቺ ሆና እንድትቀር ነው የምትፈልጊው?» አሉኝ ቲቸር ሰሎሞን፣ ጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠው፣ ዐይን ዐይኔን እያዩ።

ታናሽ እህቴ ሕይወት ክፍል ውስጥ ስልክ ስትነካካ ተይዛ ወላጅ አምጪ ተብላ ነበር። እናታችን ጉልበቷን ስለሚያማት የሄድኩት እኔ ነኝ። ከሥራ ቀጥታ ስለመጣሁ ትከሻዬ ላይ የተጠቀለለ ገመድ፣ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ካቻቢቴ ነበር። ቲቸር ሰሎሞን የሕይወት ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ በእኔ ጊዜም ጂኦግራፊ አስተምረውኛል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነጥቤ የትም እንዳላስገባኝ ያውቃሉ። ገመዱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ያሰቡትን ተናገሩ። እኔም ያሰብኩትን የምናገር ሰው ስለሆንኩ አልተቀየምኩም።

ከመሳቢያቸው የሕይወትን ስልክ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ሦስት ቀን እኔ ጋ ነው የቆየው። ምን ላይ ተጥዳ እንደምትውል ታውቂያለሽ? መስመር። የሚጥመለመል መስመር።»

አውቃለሁ። ጨዋታውን የጫንኩላት እኔ ነኝ። ስልኩ የተወሰደባት ቀን ማታ ስታለቅስ እንኳ ያንገበገባት ሌላ ነበር፤ «አሥራ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ደርሼ ነበር እኮ» ነው ያለችኝ። ቲቸር ስለ ዲሲፕሊን ማውራት ጀመሩ። እኔ ግን ያቺን ቢጫ መስመር ስክሪኑ ላይ ሳይ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሼ አሊዩ አምባ ነበርኩ።

ያኔ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ወሩ ጥር፣ ቤታችን ደብረ ብርሃን። የደብረ ብርሃንን ጥር የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል፤ ጠዋት ባልዲ ውስጥ ያደረ ውኃ ላይ በረዶ ይጋገራል፣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል፣ ሰው ሰላም የሚልህ ጋቢው ውስጥ ሆኖ ነው። ውጤት ከመጣ በኋላ ሥራዬ ቤት መቀመጥ ሆነ። መቀመጥ ደግሞ አልችልበትም። እናቴ ከአረርቲዋ አክስቴ ጋር ጨርሳ ነበር፤ ሄጄ እህል መደብሯ ውስጥ ልሠራ። አረርቲ ምንም አልበደለኝም፤ አገሩ ሙቅ፣ ጤፉ ጥሩ ነው። ችግሩ አክስቴ ቁርጥ እኔን መሆኗ ነው። ሁለታችን አንድ መደብር ውስጥ ሳምንት አንቆይም። ብንቆይም ደግሞ ከሚዛን ኋላ ተቀምጬ ሳረጅ ይታየኛል።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ደምሴ ለሠርግና ለምርቃት የድምፅ መሣሪያ ያከራይ ነበር። ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ ጀነሬተርና ያረጀች ፒካፕ አለው። ሄጄ አብሬህ ልሥራ አልኩት።

«አንቺ ገመድ ልትጎትቺ?»

«እጅ የለኝም?»

«አለሽ። ምላስም አለሽ፣ እሱን ነው የፈራሁት። ደግሞ ስምሽን ትዕግሥት ያለው ማን ነው? አንድ ቀን ሊጠይቀኝ ይገባ ነበር።»

በመጨረሻ እሺ አለ። ቅዳሜ አሊዩ አምባ ሠርግ አለ፤ ትመጫለሽ፤ ከጠቀምሽኝ ትቀሪያለሽ፤ ካልሆነ ሰኞ አረርቲ። እናቴ ሰምታ ልብሴን ማጠፍ ጀመረች። የልጇን ነገር አውቃለሁ ብላ ነው።

በዚያ ሰሞን ያንኑ ጨዋታ እጫወት ነበር። ጓደኛዬ ከስልኳ ነው የላከችልኝ፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስክሪኑ ላይኛው በኩል አንዲት ቢጫ የተጥመለመለች መስመር አለች። ከታች ደግሞ የራስህ ሞገዶች አሉ፤ በጣትህ ከፍ ዝቅ ታደርጋቸዋለህ፣ ታሳጥራቸዋለህ፣ ወደ ጎን ትገፋቸዋለህ። ተደምረው የሚሰጡት መስመር ከላይኛዋ ጋር ልክ ሲገጥም ሁሉም አረንጓዴ ይሆንና እንደ ዋሽንት ያለ ድምፅ ያሰማል። በቃ ይኸው ነው። ሠላሳ ደረጃ ያለ ችግር አለፍኩ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ሁለት ሳምንት ቆምኩ። ከላይ የተሰጠችው መስመር ቀጥ ያለች ናት፤ ምንም ሞገድ የላትም። ከታች ያሉት ደግሞ ሁለት እኩል ትልልቅ ሞገዶች ናቸው፣ ቁመታቸው አይቀነስ፣ አይጠፉ። ሁለት ትልልቅ ነገሮች ተደምረው እንዴት ባዶ ይሆናሉ? ጨዋታው ተበላሽቷል ብዬ ለጓደኛዬ ሁለት ጊዜ ደውያለሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ወጣን። ዕቃውን የጫነው እሱ፣ የሞንታርቦዎቹን ገመዶች ጠቅልዬ ያሰርኩት እኔ ነኝ። የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ፒካፗ እያጉረመረመች አንኮበር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ጋሼ ደምሴ ጉሙ እስኪገለጥ ሻይ ልጠጣ ብሎ ወረደ። እኔ ኋላ ዞሬ ሳይ አንደኛው ገመድ ከእስራቱ አምልጦ ጎማው ሥር ገብቷል። መሐል ላይ ለሁለት ተበጥሷል። ያሰርኩት እኔ ነኝ።

አረርቲ ታየችኝ። በጉሙ ውስጥ፣ ከነአክስቴ።

ሻይ ቤቱን አየሁት፤ ጋሼ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ልባሱን በጥርሴ ላጥኩና ሽቦዎቹን አጠማዝዤ፣ ናስትሮውን ደህና አድርጌ ጠቅልዬበት መልሼ አሰርኩት። ገመዱ ውስጥ ሁለት ነጫጭ ሽቦዎች አሉ፣ መልካቸው አንድ ነው። የቱን ከየትኛው ጋር እንዳገናኘሁ አላየሁም። ቤት መብራት ሽቦ ሲበጠስ እንዲሁ አገናኝቼ አውቃለሁ፣ አምፖሉ አልተቆጣኝም። ዳርና ዳሩ ላይ ከሁለቱ ሽቦዎች አንደኛው ላይ ቀይ ክር ታስሯል። እሱን ቀድሞም አይቼዋለሁ። ጋሼ ዕቃው ዐይን እንዳይገባው ያሰረው መስሎኝ ነበር። የሚያስቅ ነገር የለውም፤ በእኛ ሰፈር ለጥጃም ይታሰራል።

ጋቢና ውስጥ ገብቼ ምንም እንዳልሆነ ሰው ስልኬን አወጣሁ። ጣቴ በብርድ ደንዝዟል። ሁለተኛዋን ሞገድ ልይዝ ስል አዳለጠኝና ወደ ጎን ገፋኋት። የአንደኛዋ ጉብታ ከሌላዋ ጉድጓድ ላይ ልክ ተቀመጠ። መስመሩ ቀጥ አለ። አረንጓዴ ሆነ፣ ዋሽንቱም ነፋ። ሁለት ሳምንት ያሰቃየኝ ነገር በግማሽ ሞገድ ግፊት አለቀ። ጋሼ ሲመለስ እየሳቅኩ አገኘኝ።

«ምን ተገኘ?»

«ምንም።»

ከአንኮበር ቁልቁል ሲወርዱ በየመታጠፊያው አንድ ልብስ ይወልቃል። መጀመሪያ ጋቢው፣ ቀጥሎ ሹራቡ። አሊዩ አምባ ስንደርስ በሸሚዝ ነበርን። መንገድ ዳር ሙዝና ሸንኮራ ይሸጣል፤ አህዮች ጭነታቸውን እንደያዙ ጥላ ፈልገው ቆመዋል።

ድንኳኑ ረጅም ነው። ሽማግሌዎቹ መሐል ላይ በምንጣፍ ተቀምጠዋል፣ የክብሩ ቦታ እሱ ነው። ሞንታርቦዎቹን ግራና ቀኝ አቆምን። ጋሼ ደምሴ አንድ የሚኮራበት ልማድ ነበረው፤ እያንዳንዱን ሞንታርቦ ለብቻው ያስጮህና ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል። ግራውን አዳመጠ፣ ደህና። ቀኙን አዳመጠ፣ ደህና። እኔ ትንፋሼን መለስኩ። የተበጠሰው ገመድ የቀኙ ነበር።

ሙሽራው ሚዜዎቹን ይዞ ሊገባ ሲቃረብ መንዙማው ተጀመረ። የድቤው ማይክ ለብቻው ነው። ጎን ላይ የቆምነው ደረታችን እስኪንቀጠቀጥ ይሰማናል። ትንሽ ቆይቶ የሙሽራው አባት ሐጂ ሁሴን ከመሐል እጃቸውን አነሡ።

«ደምሴ፣ ድቤው የት ሄደ?»

«እየተመታ ነው፣ ሐጂ።»

«ወላሂ እጁ ሲወርድ አያለሁ፣ ድምፁን አልሰማም። ጆሮዬ ነው እንዴ?»

«ያንተ ጆሮማ ድሮም የለም» አሉ አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ። «የእኔ ግን ደህና ነበረ። እኔም አልሰማሁም።»

ጋሼ ድምፁን ጨመረ። ዳር ያሉት ሴቶች ጆሯቸውን ያዙ፤ መሐል ያሉት ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ድቤ የሌለው መንዙማ ምን ይባላል? ከአሁን አሁን የሐጂ ልጅ ሊገባ ነው፤ ያለ ድቤ ከገባ ባዶ ድንኳን የተቀበለው ይመስላል። «ባለፈው ከታች ያመጣነው ባለሞንታርቦ እንኳ ከዚህ ይሻል ነበር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሼም ሰማ። ላቡ በአንገቱ እየወረደ አምፕሊፋየሩን ሊከፍት ካቻቢቴ አነሣ። ያን ያህል ሰው ፊት ያንን ዕቃ ከከፈተ ከዚያ በኋላ በዚያ አገር ማንም እንደማይጠራው እኔም ገባኝ።

በድንኳኑ ውስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ተራመድኩ። ቀኙ ሞንታርቦ ጋ ድቤው አለ። ሁለት እርምጃ፣ ቀነሰ። ሽማግሌዎቹ ጋ ስደርስ ጠፋ፤ ድቤ መቺው ፊቴ መዳፉን ያወርዳል፣ የሚሰማው ሩቅ ሰፈር እንዳለ ነገር ነው። አልፌ ስሄድ እንደገና መጣ። እዚያው ቆምኩ። ሠላሳ አንድ። አንደኛው ሲገፋ ሌላው እየሳበ ነው። መሐል ላይ ጉብታው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባና ቀጥ ያለ መስመር ይቀራል። ቀጥሎ አንኮበር ጥርሴ ላይ የነበሩት ሁለት ነጫጭ ሽቦዎች ትዝ አሉኝ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ጋሼ አምፕሊፋየሩን ይወቅሳል፣ እኔ እቀራለሁ። ድምፁን አጥፍቶ የሚያበራው እሱ ስለሆነ በስውር ላስተካክለው አልችልም። ረጅም ያሰብኩ አይምሰላችሁ። ልቤ እስኪመታ እንኳ አልቆየሁም።

«ጋሼ፣ አትክፈተው። አጥፋው።»

«ዞር በዪ።»

«ገመዱ ነው። አንኮበር ላይ ተበጥሶ እኔ ቀጠልኩት። አዛብቼ ነው የቀጠልኩት።»

ካቻቢቴውን እንደያዘ አየኝ። አጠፋው። ድንኳኑ ጸጥ ሲል የሐጂ መቁጠሪያ ሲንኳኳ ይሰማል። ከቀኙ ሞንታርቦ ኋላ ገብቼ ክር ያለውን ሽቦ ከቀዩ ብሎን ፈታሁት።

«ክር ያለው ከቀዩ ጋር ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ዛሬ አይደለም» አልኩት። ክር ያለውን ከጥቁሩ፣ ክር የሌለውን ከቀዩ ጋር አሰርኩ። «አብራው።»

አበራው። ድቤ መቺው አንዴ መታ። መሐል ያሉት ሽማግሌዎች በአንድ ጊዜ ቀና አሉ። ሁለተኛ ሲመታ ጆሮ የለህም የተባሉት ሐጂ ትከሻቸው መንቀሳቀስ ጀመረ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «መጣ።» ሙሽራውም ያኔ ገባ።

ምሳ ላይ ሳንጠይቅ ለክርስቲያን እንግዶች በተለየ ድስት የተሠራ ምስር ቀረበልን። ጋሼ ደምሴ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ በላ። ዕቃውን ጫንን። ዳገቱን ስንወጣ አንድ አንድ ልብሳችንን መልሰን ደረብን። አንኮበር ጠዋት የቆምንበት ቦታ ላይ መኪናዋን አቆመ። ጉሙ የለም፤ ፀሐይ ገና ናት፣ ቆላው ድረስ ይታያል።

«አውርጂው። ፍቺው። እንደገና ቀጥዪው፣ እኔ እያየሁ።»

ቀጠልኩት። የሽቦው ልባስ ላይ በጥፍር ካልሆነ የማትገኝ ቀጭን መስመር እንዳለች አሳየኝ፤ መስመር ያለው መስመር ካለው ጋር።

«ክሩስ ምን መስሎሽ ነው?»

«ለቡዳ።»

ከጠዋቱ ወዲህ መጀመሪያ የሳቀው ያኔ ነው፣ ፒካፗን ተደግፎ። ሲበቃው «የገመዱንስ ነገር በምን አወቅሽ?» አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ሰጠሁት። ሠላሳ ሁለተኛውን ደረጃ ቆሞ ሞከረ፣ ተቀምጦ ሞከረ፣ መለሰልኝ።

«ይሄ ምኑ ጨዋታ ነው? ሥራ ነው እንጂ።»

ሞተሩን አስነሣ። ደብረ ብርሃን እስክንቃረብ ጠብቄ አልቻልኩም።

«ሰኞስ?»

«በሚቀጥለው እሑድ ጫጫ ሠርግ አለ» አለ። «ገመዱን የምትቀጥዪው አንቺ ነሽ። የማስረው ግን እኔ ነኝ።»

እናቴ ያጠፈችውን ልብስ ራሷ መልሳ ሰቀለችው።

«እየሰማሽኝ ነው?» አሉ ቲቸር ሰሎሞን።

«እየሰማሁ ነው፣ ቲቸር። ክፍል ውስጥ ስልክ አታወጣም፣ እኔ እነግራታለሁ። እንደ እኔ ለመሆን ግን ገና ብዙ ይቀራታል።»

ወረቀቱን ገፋ አደረጉልኝ፣ ፈረምኩ። ስልኩን አነሣሁት። ሕይወት ስልኳን አትቆልፍም፤ ጨዋታው እንደተከፈተ ነው። ከላይ ቀጥ ያለች ቢጫ መስመር፣ ከታች ሁለት እኩል ሞገዶች። ጥጉ ላይ ሠላሳ አንድ ይላል። ቀና ብዬ አየኋቸው። ቲቸር ሰሎሞን የተፈረመውን ወረቀት እንደገና ማንበብ ጀምረዋል።

ገመዱን ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩና በሩን ከፈትኩ።

«ሁለተኛዋን በግማሽ ወደ ጎን ይግፏት፣ ቲቸር» አልኳቸውና ወጣሁ።