ከመርሳ ጣሪያዎች ላይ የጠፉት አንቴናዎች

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ የክልል ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በጀት እያጠራቸው እንደሆነ፣ ነገ ምን እንደሚገጥማቸው እነሱም እንደማያውቁ ሲያወራኝ ሳቄ መጣ። "ምኑ ነው የሚያስቀው?" ብሎ ተቆጣኝ። በእነሱ መሳቄ አልነበረም። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት መርሳ ከተማ ላይ የደረሰብኝ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው። በደረሰብኝ ቀን ግን አልሳቅኩም።

ያኔ ከመርሳ በላይ ካለው ኮረብታ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ የቴሌቪዥን ማሰራጫ ነበረች። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ሥርጭት ተቀብላ ለመርሳ፣ ግራና ለምትባለው ጎረቤት ከተማና ለአካባቢው ታደርሳለች። ቴክኒሻኗም፣ ጠባቂዋም፣ ጠራጊዋም እኔ ነበርኩ። የከተማው መብራት ኮረብታው ላይ ስላልደረሰ የምትሠራው በጄኔሬተር ነው። ናፍጣው በበርሜል ከወልድያ ይመጣልኛል፤ እኔ ደግሞ በየጥቂት ሰዓቱ ከበርሜሉ እየቀዳሁ ጄኔሬተሩን አጠጣዋለሁ።

አንድ ቀን ከናፍጣው ጋር ደብዳቤ መጣ። ናፍጣ ስለጠፋ ቁጠባ ታዟል፤ ጣቢያዋ በቂ ተመልካች እንዳላት በአካል ታይቶ ካልተረጋገጠ ለመጪው ዓመት በጀት አይያዝላትም ይላል። ይህን የሚያረጋግጥ ሰው እሁድ ይመጣል።

እኔ በተፈጥሮዬ ሥጉ ሰው ነኝ። ዶሮ ስትጮህ እንኳ ክፉ ነገር የሚመስለኝ ዓይነት። ያን ጊዜ ግን የምሰጋበት ምክንያት ነበረኝ። ባለቤቴ የሺ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ጣቢያዋ ከተዘጋች የምዛወርበት ቦታ ቀደም ብሎ ተነግሮኛል፤ ወደ ሰሜን፣ ጦርነቱ አፍንጫ ሥር። ከዚያ የተመለሰ ባልደረባ አላውቅም። ለየሺ አልነገርኳትም። እሷ የሕፃን ልብስ ስትሰፋ እኔ የበርሜሉን ናፍጣ በእንጨት እየለካሁ እሰነብታለሁ።

ታዲያ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ሰውየው የሚያየው አንቴና ነው። ስለዚህ ባለቴሌቪዥኖች ሁሉ እሁድ ቤታቸው ሆነው እንዲጠብቁ ይነገር ብዬ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ለመንኩት። ደስ ብሎት እሺ አለኝ። በስብሰባው ላይ ተነሳና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ቴሌቪዥን ያላችሁ ጓዶች በሙሉ! እሁድ ከበላይ አካል መዝጋቢ ስለሚመጣ ንብረታችሁን አዘጋጅታችሁ በንቃት ጠብቁ!" አለ።

እኔ ከኋላ ቆሜ ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ። ያጨበጨብኩት ግን ብቻዬን ነበር። አጠገቤ የነበረ አንድ መካኒክ ወደ ጓደኛው ጠጋ ብሎ፣ "ትርፍ ቤት ወርሰው ጨረሱና አሁን ደግሞ ትርፍ ቴሌቪዥን መጣ!" ሲል ሰማሁት። ቀልዱን መስሎኝ ነበር።

እሁድ ጠዋት ወደ ከተማ ስወርድ ጣሪያው ሁሉ ባዶ ነው። ያ በባሕር ዛፍ አጣና ላይ ተሰክቶ የነበረ አንቴና ሁሉ፣ ከአሉሚኒየም ቧንቧ የተሠራው፣ በትሪና በድስት ክዳን የተቀጠለው፣ አንድም የለም። አብዛኛውን የሰቀልኩት እኔ ራሴ ነኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። መርሳ ተመዝግቦ ያልተወሰደበት ነገር አያውቅም ነበርና አልፈረድኩበትም።

በሩጫ ሐጂ ሙሄ ሻይ ቤት ገባሁ። ሐጂ ሽማግሌ ናቸው፤ ለኳስ ሲሉ ነው ቴሌቪዥን የገዙት። የሻይ ቤታቸው ገበያም እሱው ነው። ቴሌቪዥኑ የነበረበት ቦታ ላይ ግን ጋቢ የለበሰ ነገር ቆሟል፤ ላዩ ላይ ደግሞ ስኳር የያዘ ጣሳ ተቀምጧል።

"ሐጂ፣ አንቴናዎ የት ሄደ?" አልኳቸው።

"የምን አንቴና?"

"እኔ የሰቀልኩልዎት!"

"እኔ ምን ቴሌቪዥን አለኝ ልጄ? አብሽር፣ ሻይ ጠጣ።"

ሐጂ በየንግግራቸው መሐል ወላሂ የሚሉ ሰው ናቸው። ያን ቀን አንዴም አላሏትም።

"የሚመጡት ሊወርሱ አይደለም፤ ጣቢያው እንዳይዘጋ ነው!" ብዬ በየቤቱ ዞርኩ። ብለምንም የሚያምነኝ አጣሁ። እንዲያውም ሰው ይሸሸኝ ጀመር፤ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነኝና። የቀበሌው ቴሌቪዥን እንኳ ተበላሽቶ ደሴ ለጥገና ከሄደ ከርሟል።

ሰውየው ከምሳ በኋላ በላንድሮቨር ደረሰ። ጓድ ፈለቀ ይባላል፤ ፊቱ የማይፈታ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። ከተማውን ከላይ እስከ ታች አብረን ዞርን። ቀና እያለ ጣሪያ ያያል፤ ጎንበስ ብሎ ይጽፋል። ከእያንዳንዱ ቤት "የለንም" የሚል መልስ ብቻ ይወጣል። መጨረሻ ላይ፣ "ታዲያ አንተ ይሄን ሁሉ ዘመን ለማን ነው የምታሰራጨው?" አለኝ። የሚጽፍበትን ወረቀት ሳይ የሺ ትዝ አለችኝ።

"እስቲ መዝገብህን ልይ" ብሎ ወደ ኮረብታው ወጣን። የእሁድ ከሰዓት የኳስ ጨዋታ እየተላለፈ ነበር። መዝገቡ ላይ ሥርጭት የተቋረጠባቸው ደቂቃዎች ከነምክንያታቸው ይሰፍራሉ። እሱ ገጽ ይገልጣል፤ እኔ እየተርበተበትኩ አስረዳለሁ። በድንጋጤ ስዞር በመዋሌ ጄኔሬተሩን አላጠጣሁትም ነበር።

ሁለቴ አሳለና ቀጥ አለ።

ጸጥታው ጆሮዬን ደፈነው። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እንዲህ ነው። የመንግሥት ሥርጭት፣ ያውም ተቆጣጣሪ ፊት ተቋረጠ። በዚያ ዘመን ይህ ስህተት አይባልም፤ አሻጥር ነው የሚባለው። ሰሜን መዛወሩን ራሱ ተመኘሁት። ባልዲውን አንስቼ ወደ በርሜሉ ስሮጥ፣ "ና ወዲህ" ብሎ ጠራኝ። ድምፁ ተለውጧል።

ቁልቁል መርሳን እያየ ነበር። መጀመሪያ አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ብቅ አለ፤ በእጁ አጣና ይዟል። ከዚያ ከመስጊዱ ጀርባ ሌላ። ከዚያ ከአውቶቡስ መቆሚያው ጎን ሁለት።

ወዲያው ገባኝ። ኮረብታው ቅርብ ስለሆነ አንቴና ቤት ውስጥም ቢሆን ሥዕል ይስባል። ሰዉ አንቴናውን አልጋ ሥርና ቆጥ ላይ ደብቆ፣ በሩን ዘግቶ ኳሱን እያየ ነበር። የመርሳ ሰው ደግሞ ሥዕል ሲጠፋ ጣቢያውን አይጠረጥርም። ጥፋቱ ምንጊዜም የአንቴናው ነው። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያዞራል፤ ሌላው በር ላይ ቆሞ "መለስ! ትንሽ ጨምር!" እያለ ይጮኻል። አሁንም የደበቅነው አንቴና ነው ያጠፋብን ብለው ነው እየተሻሙ የወጡት። ጩኸታቸው ኮረብታው ድረስ ይሰማል። አንዱ ትሪ፣ አንዱ የድስት ክዳን፣ አንዱ የታጠፈ ሽቦ ወደ ሰማይ ዘርግቷል።

አንዱን አወቅኩት። ሽርጣቸውን ወደ ላይ ሰብስበው በሁለት እጃቸው አጣና ያቀፉት ሐጂ ሙሄ ናቸው።

እኔ ባልዲዬን ይዤ ወደ ጄኔሬተሩ ዞርኩ። ጓድ ፈለቀ ክንዴን ያዘኝ።

"ቆይ፣ አታስነሳው" አለ። "በታች በኩል ያሉትን አልቆጠርኩም።"

ፊቱን አየሁት። ላብ ግንባሩ ላይ ወጥቷል። ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃል። ናፍጣ ቢያልቅ የእኔ ጥፋት ነው፤ ቆይ ካለበት ደቂቃ ጀምሮ ግን የሁለታችን ሆኗል። ሾፌሩ ከታች መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ቀና ብሎ ቢያየንስ? ከወልድያ ደውለው ለምን ጠፋ ቢሉስ? ጣቱን እያንቀሳቀሰ ሲቆጥር እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምኩ።

ሲጨርስ "አሁን አስነሳ" አለ። ሥዕሉ ሲመለስ ከታች ጭብጨባ ተሰማ። እያንዳንዱ አንቴናውን በትክክል ያዞረ መስሎታል።

መዝገቡን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። "የናፍጣ ማጣሪያ ለማጽዳት ብለህ ጻፍ።" ጻፍኩ። እሱም ከሥሩ ፈረመ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

አመሻሽ ላይ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ጋቢው ተነስቷል።

"ያ ማሽንህ ምን ነክቶት ነው? በዚች እርጅናዬ ጣሪያ አስወጣኸኝኮ!" አሉኝ።

"ሐጂ፣ ቴሌቪዥን የለኝም አላሉኝም ነበር?"

"ለመዝጋቢ የለኝም" አሉ ሻይ እየቀዱልኝ። "ለኳስ አለኝ።"

ናፍጣው ለአንድ ዓመት ተመደበ። ልጃችን መርሳ ላይ ተወለደ። ለቀጣዩ ዓመት ደግሞ ያው ሥጋት ተመለሰ፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። ዛሬም የሚቆጨኝ ጓድ ፈለቀን አለማመስገኔ ነው። ያን ቀን ፈርቼ ዝም አልኩ፤ ምስጋናውም ማስረጃ ይሆንብናል ብዬ። ቤት ውስጥ የሚጠብቁት ልጆች ይኑሩት አይኑሩት እንኳ አልጠየቅኩትም።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ "ታዲያ የዛሬዎቹ ጣቢያዎች ምን የሚሆኑ ይመስልሃል?" አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ሥዕላቸው ቢጠፋ ጣሪያ ላይ የሚወጣላቸው ሰው አለ?"